ኃይል ቆጣቢ የሕዝብ ሕንፃዎች፦ ስለ ሙዚየም፣ ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ ንድፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ሕንፃዎች ከቢሮ ወይም ከመኖሪያ ቤት በምን ይለያሉ?

ቢሮ ሲዘጋ አብዛኛው ነገር አብሮ ይዘጋል። ሙዚየም፣ ቤተ መዛግብት ወይም የጥንት መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍት ግን በሩ ከተቆለፈ በኋላም የሚጠብቀው አደራ አለው፤ ብራናው፣ ሥዕሉ፣ ጨርቁ፣ ፎቶግራፉ እዚያው ያድራል። ስለዚህ የአየር ማስተካከያው ሌሊቱንም ሲሠራ ያነጋል። አዳራሽና ቲያትር ቤት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ይውሉና በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሰው ይሞላሉ። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። 500 ተመልካች ገባ ማለት 50 ኪሎዋት ሙቀት ገባ ማለት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የሕዝብ ሕንፃ የሚሠራው ለረጅም ዘመን ነው። በንድፍ ወረቀት ላይ የተፈጸመ ስሕተት በየወሩ የመብራት ሂሳብ እየሆነ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

በጣሪያው ላይ ሶላር ብንገጥም አይበቃም?

ሶላር ጥሩ ነገር ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ተቋማት ሶላርን የሚያስቀድሙት ስለሚታይ ነው፤ ለጎብኚ ይጠቆማል፣ ፎቶ ይነሣል። የታሸገ የመስኮት ስንጥቅ ግን ማንም አያየውም። ፀሐይ በቀጥታ እየገባበት፣ ቀዝቃዛው አየር በየክፍተቱ እየወጣ ባለ ሕንፃ ላይ ሶላር መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

የሚያዋጣው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፍላጎትን መቀነስ ነው፤ በአቀማመጥ፣ በጥላ፣ በወፍራም ግድግዳ፣ በጣሪያ መከላከያ፣ አየር በማያሳልፍ መጋጠሚያ። ከዚያ የቀረውን ፍላጎት በትንሹ ኃይል የሚያሟላ መሣሪያ መምረጥ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ከፀሐይ ማግኘት። በዚህ መንገድ የሚገዛው ሶላርም፣ ባትሪም፣ ማቀዝቀዣም ያንሳል።

ግድግዳው በሙሉ መስታወት ቢሆን በቀን መብራት አንቆጥብም?

መብራት ይቆጠብ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ግን ከተቆጠበው በላይ ሊበላ ይችላል። መስታወት ከግድግዳ ይልቅ ሙቀት በብዙ እጥፍ ያሳልፋል፤ በቀጥታ የገባ ፀሐይም ወለሉንና ዕቃውን አሙቆ እዚያው ይቀራል። ደግሞም ፀሐይ ሲያስቸግር ሰው መጋረጃውን ይዘጋና መብራት ያበራል፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃውን የሚከፍተው የለም። ሙሉ መስታወት የሆኑ ንባብ ቤቶች በእኩለ ቀን አምፖላቸው በርቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀን ብርሃን ጥቅም የሚሰጠው ከየት እንደሚገባ ሲታሰብበት ነው። ከሁሉም የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከመስኮቱ በላይ የተዘረጋ ጥላ አያግዳትም። የሰሜንና የደቡብ መስኮቶች ይሻላሉ፤ በተለይ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች በአጭር ጥላ ይሸፈናሉ። ጥላው የግድ ከውጭ መሆን አለበት። የውስጥ መጋረጃ ፀሐይዋን የሚይዛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነውና ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ከጎን የሚገባ ብርሃን በደንብ የሚደርሰው የመስኮቱ ራስ ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። የመስኮቱ ራስ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ከ6 ወይም 7 ሜትር ወዲያ መብራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍት ጠበብ ረዘም ያለ ሕንፃ፣ ከፍ ያለ መስኮትና ነጣ ያለ ኮርኒስ ከሰፊ መስታወት ይበልጣሉ። የንባብ ጠረጴዛዎች መስኮት ዳር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ደግሞ መሐል ላይ ይሁኑ፤ መጽሐፍም ፀሐይን አይወድም።

ከላይ የሚገባ ብርሃን ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሉዊስ ካን ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1972 በፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ የተከፈተው የኪምቤል ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የኮንክሪት ቅስቶቹ አናት ላይ ቀጭን ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ ሥር የተንጠለጠለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አሉሚኒየም ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ በቅስቱ ላይ ይበትነዋል። ሥዕሎቹ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ አያርፍም፤ ክፍሉ ግን የቀን ብርሃን አለው። ክፍተቱ ጠባብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሙዚየም ዓመቱን ሙሉ 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት መጠበቅ የለበትም?

በዚህ መስክ ከሚጠየቁት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ለአብዛኛው ክምችት “የለበትም” ነው።

ለብዙ ዘመን የተለመደው ደንብ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ሙቀትና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ)፣ ከፍና ዝቅ ቢል 5 ነጥብ ብቻ የሚል ነበር። ይህ ቁጥር የተወሰደው ቅርሱ ከሚፈልገው ብቻ አልነበረም፤ የጊዜው መሣሪያዎች ማድረግ ከሚችሉትም ጭምር ነው። ኋላ ላይ ግን ቢዞት በሚባለው ስብስብ ሥር የሚገናኙ የታላላቅ ሙዚየሞች ዳይሬክተሮች ሰፋ ያለ ክልል ተቀበሉ። ለአብዛኞቹ ቅርሶች ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይበቃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለው መዋዠቅ ግን ከ10 በመቶ እንዳያልፍ።

ጠባቡ ክልል ኃይል የሚበላው ለምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እርጥበትን ከአየር ለማውጣት የተለመደው ዘዴ አየሩን ጤዛ እስኪያወጣ ድረስ ማቀዝቀዝ ነው። ውኃው ተንጠባጥቦ ሲወጣ የሚቀረው አየር ለክፍሉ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እንደገና ይሞቃል። ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው በአንድ የአየር ቱቦ ውስጥ አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ ሌሊቱን ሙሉ ይከፈልባቸዋል። የተፈቀደው ክልል ሲሰፋ መሣሪያው ይህን ድግግሞሽ የሚሠራበት ሰዓት በእጅጉ ይቀንሳል።

ሙቀትና እርጥበት የተያያዙ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። 20 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ያለው ዝግ ክፍል ወደ 21 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 47 በመቶ ይወርዳል። እንጨትን የሚሰነጥቀው፣ ብራናን የሚያኮማትረው የእርጥበቱ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ወቅቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ እንዲል መፍቀድና እርጥበቱን ማረጋጋት ለቅርሱም ለኪስም ይበጃል። ለወረቀት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ዕድሜ ይጨምራል፤ በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኬሚካል እርጅናው በግማሽ ገደማ እንደሚዘገይ በሙያው የታወቀ ግምት ነው። በሌላ ወገን እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ቅርሶችስ?

አሉ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሥዕል፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝገት የጀመረው ነሐስ እንዲህ ናቸው፤ ፊልምም ብርድ ይፈልጋል። ለጥቂት ዕቃ ተብሎ ግን ፎቁን በሙሉ ማስጨነቅ አይገባም። አየር በደንብ የማያሳልፍ የማሳያ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥና ከሥሩ ባለ መሳቢያ እርጥበት የሚመጥጠውንና የሚመልሰውን ሲሊካ ጄል ማድረግ እርጥበቱን ያለ ኤሌክትሪክ ለወራት ያረጋጋል። ሣጥኑ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ፎቅ የአየር ማስተካከያና ከዘላለም ሂሳቡ ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው። መብራቱ ሣጥኑ ውስጥ አይግባ፤ ሙቀቱ የተለፋበትን ሁሉ ያበላሻል።

የቅርስ ማከማቻ ያለ ኤሲ ሊሠራ ይችላል?

ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በጣም በጥቂት መሣሪያ ይቻላል። እንዲያውም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ ብዙ ኃይል የሚያድነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማከማቻ ሰው አይኖርበትም፤ ለሰው ምቾት ተብሎ የሚደረገው ማሞቅና ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም። ንጹሕ አየር በብዛት መቀየርም የለበትም።

በጀርመን ኮሎኝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራው ቤተ መዛግብት በወፍራም የጡብ ግድግዳ፣ በውስጥ የኖራ ልስንና በጠባብ መስኮቶች የውስጡን አየር አረጋግቶ ይይዝ ነበር፤ አሠራሩም “የኮሎኝ ሞዴል” ተብሎ በሙያው ታወቀ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2009 በአጠገቡ ይካሄድ ከነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ግንባታ ጋር በተያያዘ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን አልፈረሰም። በዴንማርክ ቫይለ የተሠራው የሙዚየሞች የጋራ ማከማቻ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገባ ተሸፍነው ወለሉ ሆን ተብሎ ያለ ሙቀት መከላከያ ተትቷል፤ ከሥር ያለው መሬት በሙቀቱ ወራት ያቀዘቅዘዋል፣ በብርዱ ወራት ያሞቀዋል። የሚቀረው ሥራ እርጥበት ማስወገድ ብቻ ነው። በእንግሊዝ የሄርፎርድሺር ቤተ መዛግብት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥብቅ የኃይል ቁጠባ መስፈርት በሆነው በፓሲቭ ሃውስ ደረጃ ተሠርቷል። በዚህ ደረጃ የሕንፃው ክፍተት በ50 ፓስካል ግፊት ሲለካ የውስጡ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ መለወጥ የለበትም፤ ለማሞቂያም በካሬ ሜትር በዓመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አይፈቀድም።

እነዚህ ሁሉ ብርዳማ አገሮች ናቸው። በሞቃትና እርጥብ አየር ጠባይ ላይ የማቀዝቀዝና የእርጥበት ሥራው ይከብዳል፤ ከባድ ግድግዳ፣ ጥላ ያለው ጣሪያና አየር የማያሳልፍ መጋጠሚያ ግን እዚያም ዋናውን ሥራ ይሠራሉ።

አዳራሽና ቲያትር ቤት ሰው ሲሞላ እንዴት ይቀዘቅዛል?

የተለመደው ዘዴ በጣም ቀዝቃዛ አየር ከኮርኒስ ወደ ታች መልቀቅ ነው። አየሩ ወደ ሰው ሲወርድ መንገድ ላይ ከሞቀው አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ማንም የማይቀመጥበትን የላይኛውን ሕዋ ጭምር እናቀዘቅዛለን ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ከወንበር ሥር ለስላሳ አየር፣ 19 ወይም 20 ዲግሪ አካባቢ፣ በዝግታ መልቀቅ ነው። የሰውነት ሙቀት ራሱ አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያገለገለው አየር ከኮርኒስ ይወጣል። አየሩ ያን ያህል መቀዝቀዝ ስለማያስፈልገው የውጭው አየር ብቻ የሚበቃበት ሰዓት ይበዛል። ድምፁም ዝቅተኛ ነው፤ ለሙዚቃና ለቲያትር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከዚህ ጋር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ይገጠም። 80 ሰው ለልምምድ ሲገባ ማራገቢያው ለ500 ሰው መሥራት የለበትም።

ያለ ማሽን፣ በነፋስ ብቻ የሚተነፍስ ሕንፃም ይቻላል። በኒው ካሌዶኒያ ኑሜያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው የዣን ማሪ ቺባኡ የባህል ማዕከል በሬንዞ ፒያኖ የተነደፈ ነው፤ ከእንጨት የተሠሩት ባለ ድርብ ቅርፊት ጎጆዎች የባሕሩን ነፋስ እንደ ጥንካሬው በሚከፈቱና በሚዘጉ ክፍተቶች ያሳልፋሉ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር በፍራንሲስ ኬሬ የተነደፈው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጠናቀቅ ቆርቆሮው ጣሪያ ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል፤ ቆርቆሮው የሚሰበስበው ሙቀት ተማሪው ዘንድ ሳይደርስ ይወሰዳል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ያገኘው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ክፍት ሕንፃ አቧራና ነፍሳት ያስገባልና ለብራና ማስቀመጫ አይመከርም፤ ለትምህርት ክፍል፣ ለመተላለፊያና ለመሰብሰቢያ ግን ተመራጭ ነው።

መብራትን በኤል ኢ ዲ መቀየር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ብዙ። የሃሎጅን አምፖል በአንድ ዋት 20 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰጠው፤ ጥሩ ኤል ኢ ዲ 100 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። አምፖሉ ያልበላው ኃይል ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ስለማይቀር ማቀዝቀዣውም ያርፋል።

ለሙዚየም ግን የአምፖሉ ዓይነት ብቻ በቂ አይደለም። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል፤ ጥንካሬው በሰዓት ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለውኃ ቀለም ሥዕል የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ (በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ነው። ለዘይት ቀለም ሥዕል ከ150 እስከ 200 ይፈቀዳል። በ50 ሉክስ በዓመት 3,000 ሰዓት የበራበት ጨርቅ 150,000 ሉክስ ሰዓት ይቀበላል፤ ጎብኚ ሲቀርብ ብቻ የሚበራ ሴንሰር ቢገጠምና የበራበት ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ ጉዳቱም የመብራት ፍጆታውም በግማሽ ይወርዳል። ቅርስ ጥበቃና ኃይል ቁጠባ በአንድ ቁልፍ የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነውና ከዚህ መጀመር ደስ ይላል። 50 ሉክስ ጨለማ እንዳይመስል ደግሞ ጎብኚው ከደማቅ መግቢያ ወደ ደብዛዛው ክፍል ቀስ በቀስ እንዲሸጋገር መተላለፊያው ይታሰብበት። ለንባብ ጠረጴዛ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ያስፈልጋል፤ ለጠረጴዛው እንጂ ለአዳራሹ በሙሉ አይደለም።

ሕንፃችን ታሪካዊ ነው፤ ምን መንካት እንችላለን?

ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነገር፣ ቅደም ተከተሉን ከጠበቁ። መጀመሪያ የሚያፈስ ጣሪያና አሸንዳ ይጠገን፤ እርጥብ ግድግዳ ከደረቅ ግድግዳ የበለጠ ሙቀት ያሳልፋል። ከዚያ ከኮርኒስ በላይ መከላከያ ይነጠፍ፤ ከታች አይታይም፣ ሲፈለግም ይነሣል። የበርና የመስኮት ክፍተት ይታሸግ። የጥንቱን መስኮት ነቅሎ ከመጣል ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት መጨመር ይሻላል፤ የመንገድ ጫጫታም ይቀንሳል።

የድንጋይና የኖራ ግድግዳን ከውስጥ በፕላስቲክ ወይም በሲሚንቶ ማልበስ ግን አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዝናቡን መጥጦ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሳል። መመለሻው ከተዘጋ እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ የአግዳሚው እንጨት ጫፍ ይበሰብሳል፣ ልስኑ እየተቀረፈ ይወርዳል። ይህን ሥራ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ሳያየው አይጀምሩ።

አዲሱ ሕንፃ “ኃይል ቆጣቢ” ተብሎ ተሠርቶ ሂሳቡ ለምን ከፍተኛ ሆነ?

አንዱ የተለመደ ምክንያት ከልክ በላይ የተገዛ ማሽን ነው። “ለመጠባበቂያ” እየተባለ መሐንዲሱም፣ አቅራቢውም፣ ባለቤቱም በየፊናቸው ይጨምራሉ። ትልቁ ማሽን አጭር ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሣል፤ እርጥበትም በደንብ አያወጣም። ማራገቢያ ላይ ግን ጥሩ ዜና አለ። የሚፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ይያያዛል፤ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ቢቀንሱ ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፍጥነት መቆጣጠሪያ መግጠም ከብዙ ትልልቅ ሥራዎች ቀድሞ ወጪውን የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ሕንፃው በንድፉ መሠረት እየሠራ መሆኑን ማንም አለማረጋገጡ ነው። ቀላል ምርመራ አለ፦ ሕንፃው ከተዘጋ ከሁለት ሰዓት በኋላና ሊነጋ ሲል ቆጣሪውን ያንብቡ። የተገኘውን ልዩነት ሥራ በሚበዛበት ቀን በእኩል ሰዓት ከሚቆጥረው ጋር ያነጻጽሩ። ሌሊቱ ወደ ቀኑ የተጠጋ ከሆነ ማንም በሌለበት የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ተከትለው ቢሄዱ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ ለበዓል ዝግጅት በእጅ የተከፈተና ሳይመለስ የቀረ የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ከኮፒ ማሽን አጠገብ ተሰቅሎ ክፍሉ ሞቋል ብሎ የሚያምን ቴርሞስታት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንዱ የሚያሞቅ አንዱ የሚያቀዘቅዝ ሁለት መሣሪያ። ለማስተካከል የሚያስፈልገው ግማሽ ቀንና የሚያውቅ ሰው ነው።

የሚያውቀው ሰው የጥገና ሠራተኛው ነው። መመሪያው በማይችለው ቋንቋ ተጽፎ፣ የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል በተቋራጩ እጅ ቀርቶ ሠራተኛው ተወቃሽ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ከርክክብ በፊት ስሙን ጠርቶ ማሠልጠን የንድፉ አካል ነው።

ሊድ፣ ብሪያም ወይም ፓሲቭ ሃውስ የሚሉት የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀቶች ያስፈልጋሉ?

ለጋሹ ወይም ባለቤቱ ከጠየቀ ይጠቅማሉ፤ ቡድኑንም በሥርዓት ያስይዛሉ። የግድ ግን አይደሉም። ሊድና ብሪያም ውኃን፣ ቁሳቁስንና መጓጓዣን ጭምር ስለሚመዝኑ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሕንፃ በኃይል ፍጆታው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ፓሲቭ ሃውስ ጠባብ ነው፤ ስለ ኃይልና ስለ ምቾት ብቻ ይጠይቃል፣ ይለካል።

አርክቴክትና መሐንዲስ ስንቀጥር በውሉ ውስጥ ምን እናስገባ?

“ዘመናዊና አረንጓዴ” የሚል ቃል አያስገቡ፤ ማንም አይለካውም። በካሬ ሜትር በዓመት የሚፈቀደውን የኪሎዋት ሰዓት ጣሪያ በቁጥር ያስቀምጡ። የእያንዳንዱ ክፍል የሙቀትና የእርጥበት ክልል ከቅርስ ባለሙያው ጋር ተወስኖ ይጻፍ፤ አለዚያ መሐንዲሱ ጠባቡን አሮጌ ደንብ መርጦ ማሽኑን ያሳድገዋል። መብራት፣ ማቀዝቀዣና ማራገቢያ የየራሳቸው ቆጣሪ ይኑራቸው። የአየር ማሳለፍ ፈተናው ልስኑና ኮርኒሱ ሳያልቅ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፈነው በማፍረስ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የተወሰነ ክፍል ሕንፃው አንድ ሙሉ ዓመት፣ ሁሉንም ወቅት አይቶ፣ የተለካው ፍጆታ ከታቀደው ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ይያዝ።